አቡነ ያዕቆብ፦ እንግዳ ሆነው መጥተው ባለአገር ሆነው ያረፉ አባት

በዚህ ትረካ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተዘጋው በር

ኋላ አቡነ ያዕቆብ የተባሉት አባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ኢትዮጵያን ከመርገጣቸው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የካቶሊክ ስም በዚህች አገር ላይ ቁስል ትቶ ነበር። አፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮምን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ከፖርቱጋል የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ትዕግሥት የሌላቸው ሰው ነበሩ። ሕዝቡ እንደ አዲስ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ አዲስ እንዲካኑ፣ ከአባት ከአያት የወረደው የጾምና የሰንበት ሥርዓት እንዲለወጥ አዘዙ። አገር ተነሣ። ወንድም በወንድሙ ላይ ዘመተ፤ ገበሬው ስለ ሃይማኖቱ እንደ ቅጠል ረገፈ። በ1632 ንጉሡ ራሳቸው የፈሰሰው ደም ከብዷቸው የቀድሞው ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ፤ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የሜንዴዝ ማኅበር ካህናት የሆኑት ኢየሱሳውያንም ከአገር ተባረሩ። በ1716 ደግሞ ሦስት የፍራንሲስካውያን ካህናት ጎንደር ላይ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ቄስ በጥርጣሬ የሚታይ ሰው ሆነ። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። የአቡነ ያዕቆብን ሕይወት የሚተርክ ሰው ከዚህ ካልጀመረ የልፋታቸው መጠን አይገባውም። እኚህ ሰው የመጡት በተዘጋ በር ፊት ሊቆሙ ነበር። ሳይገፉና ሳይሰብሩ፣ ከውስጥ እስኪከፈትላቸው ድረስ ደጅ ጠኑ።

የሳን ፌሌው ልጅ

ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጥቅምት 9 ቀን 1800 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ባዚሊካታ በሚባለው ተራራማ አውራጃ፣ ሳን ፌሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆቫኒ ባቲስታ፣ እናታቸው ጁዜፒና ሙቺያ ይባላሉ። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች የተወለዱበት ነበር። እናቲቱ ጸሎተኛ ሴት ነበሩ፤ የዮስጢኖስ የእመቤታችን ፍቅር ከእናታቸው ጉልበት ሥር የተጀመረ ነው። ይህ ፍቅር ኋላ በኢትዮጵያ ምድር ትልቅ ድልድይ ይሆናል፤ ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ ማንም አልነበረም።

ቤተሰቡ ወደ ኔፕልስ ተዛወረ። ልጁም አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላው በ1818 በዚያው ከተማ የላዛሪስቶችን ማኅበር ተቀላቀለ። ይህ ማኅበር ቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል በ1625 በፈረንሳይ የመሠረቱት ሲሆን፣ ዋና ሥራው አስታዋሽ ለሌለው የገጠር ድሃ ወንጌልን ማድረስ ነው። የማኅበሩ ካህናት የሚለማመዱት ስብከት ቀላል ነው፤ ያልተማረ ገበሬ ሊረዳው የሚችል፣ ያጌጠ ቃል የማይበዛበት። ዮስጢኖስ በ1824 ብሪንዲዚ ላይ ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል በደቡብ ኢጣሊያ መንደሮች እየዞሩ ሰበኩ፣ ንስሐ አናዘዙ፣ የማኅበሩን ቤቶች አስተዳደሩ።

በ1836 ኔፕልስ ውስጥ ኮሌራ ገባ። ወረርሽኙ እስከ ቀጣዩ ዓመት ዘለቀ። መሸሽ የቻለ ሸሸ፤ ድሃው ግን በጠባቡ ጎዳና፣ በየምድር ቤቱ ተኝቶ ቀረ። አባ ዮስጢኖስ ከታማሚዎቹ አልተለዩም። ከቤት ቤት እየዞሩ ያናዝዙ፣ ያቆርቡ፣ ያስታምሙ ነበር። ሰው ሁሉ በሚሸሽበት ሰዓት መቅረትን የተማሩት እዚያ ይመስለኛል። ዕድሜያቸውን ሁሉ ያልተለያቸው ነገር ይህ ነው፤ ቀሩ፣ ቆዩ፣ አልሄዱም።

ወደ ምፅዋ

በ1838 ጁዜፔ ሳፔቶ የሚባሉ ወጣት ላዛሪስት፣ ከፈረንሳውያኑ ወንድማማች ተጓዦች ከአንቷንና ከአርኖ ዳባዲ ጋር ሆነው ዓድዋ ገቡ። በዚያም አንድ ካቶሊካዊ ቄስ ሳይገደል ሊቀመጥ እንደሚችል ለሮም ጻፉ። ሮምም ተልእኮውን የሚመራ ሰው ፈለገች። ዕጣው በአባ ዮስጢኖስ ላይ ወደቀ፤ በ1839 የኢትዮጵያና የአካባቢዋ ሐዋርያዊ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ዕድሜያቸው ወደ አርባ እየተጠጋ ነበር። አዲስ ቋንቋ ለመጀመር፣ በባዶ እግር ተራራ መውጣት ለመልመድ ዘግይቶ የሚባል ዕድሜ ነው።

በጥቅምት 1839 ምፅዋ ደረሱ፤ በዚያው ወር መጨረሻም ዓድዋ ገቡ። የገቡባት አገር ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች። ጎንደር ላይ ያለው ንጉሥ የስም ንጉሥ ነው። በትግራይና በስሜን ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም፣ በደብረ ታቦር ራስ አሊ አሉ፤ ሁሉም በየበኩሉ ጦሩን ያሰለጥናል። ቤተ ክርስቲያኒቱም ብትሆን ሰላም አልነበራትም። ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባለ ሊቃውንቱ በክርስቶስ ባሕርይ ትምህርት ተከፋፍለዋል። ከእስክንድርያ የሚመጣው ጳጳስ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ቅስና የሚሰጥ፣ ዲቁና የሚሰጥ አባት የለም።

ዓድዋ

ሌሎቹ ጓደኞቻቸው ወደ ጎንደር ሲያቀኑ አባ ዮስጢኖስ ዓድዋ ቀሩ። ሲቀሩ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ዝም ማለት ነበር። ለሦስት ወር ያህል አልሰበኩም። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ተማሩ። የአውሮፓ ልብሳቸውን አውልቀው እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ። የአገሩን ምግብ በሉ፤ መሬት ላይ በአጎዛ ተኙ። ሕዝቡ ሲጾም ጾሙ። ሌሊት ሌሊት በጸሎት ይቆማሉ፤ ጎረቤት የሚያየው ይህን ነው። ክርክር ሊገጥማቸው የመጣ ሰው የሚያገኘው ራሱን ዝቅ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ነበር።

ጥር 26 ቀን 1840 በመኖሪያ ቤታቸው ለተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሩ ቋንቋ ተናገሩ። ትዕይንቱን ማሰብ ደስ ይላል። ክፍሉ ጠባብ ነው። የሚያዳምጧቸው ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰሙት የሱስንዮስ ዘመን ታሪክ በጆሯቸው አለ። ፊታቸው የቆመው ሰው ደግሞ አንደበቱ ገና ያልተፈታ፣ ቃላት እየፈለገ የሚናገር ፈረንጅ ነው። አባ ዮስጢኖስ ግን በዚያች ቀን ስለ ሮም ሥልጣን አልተከራከሩም። እናትና አባታቸውን፣ ወንድሞቻቸውንና አገራቸውን ትተው የመጡት ስለ ፍቅር እንደሆነ ነገሯቸው። ያዘነ ካለ ሊያጽናኑት፣ የታመመ ካለ ሊያስታምሙት፣ ሕይወታቸውም ብትፈለግ ሊሰጧት እንደተዘጋጁ ተናገሩ። ጌቶቼ እናንተ ናችሁ፤ ቅር ካሰኘኋችሁ እሄዳለሁ፤ ፈቃዳችሁ ከሆነ እቀመጣለሁ የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ።

አንድ አገር ውስጥ ሃይማኖት ይዞ የገባ ሰው ለባለአገሩ ይህን ያህል ራሱን ሲያስገዛ የታየው ከስንት ዘመን በኋላ ነው? ሜንዴዝ በአዋጅ ጀመሩ፤ ደ ያቆቢስ ፈቃድ በመለመን። የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ያ ንግግር እስከ ዛሬ የሚታወሳቸው ለዚህ ነው።

ሕዝቡም ስም አወጣላቸው። የቤተሰባቸውን ስም በራሱ አንደበት መልሶ አቡነ ያዕቆብ አላቸው። ስም የወጣለት እንግዳ እንግድነቱ ግማሽ ሆነ ማለት ነው።

ካይሮ፣ ሮም፣ ኢየሩሳሌም

በ1841 ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ መንበር ጳጳስ ለማስመጣት መልእክተኞች ሲያዘጋጁ፣ ለአባ ዮስጢኖስ አንድ ያልተጠበቀ ጥያቄ አቀረቡ፤ መልእክተኞቹን ይዘው ወደ ግብፅ እንዲወርዱ። ነገሩ ከባድ ነበር። አንድ የካቶሊክ ቄስ የኮፕት ጳጳስ ለማምጣት ጉዞ ሊመራ! አባ ዮስጢኖስ ግን መንገዱ ወደ ሮም እንዲቀጥል ጠይቀው ተስማሙ።

ከተጓዦቹ መካከል አንድ መነኩሴ ነበሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። በ1791 በጎጃም፣ መርጡለ ማርያም አጠገብ ዲቦ በምትባል ስፍራ የተወለዱ ሊቅ ናቸው። አንድ ዓይናቸው ከልጅነት ጀምሮ አያይም። በቀረችው አንድ ዓይን ግን የአገሩን ገዳማት መጻሕፍት ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እውነተኛው ትምህርት የቱ ነው? የቅባቱ? የጸጋው? የተዋሕዶው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቷቸው ከገዳም ገዳም አንከራቷቸዋል። ወደ ካይሮ የወረዱትም መልሱን ከመንበሩ አገኛለሁ ብለው ነው።

ካይሮ ላይ ፓትርያርኩ ጴጥሮስ 7ኛ አንድ ወጣት መነኩሴ ሾሙ፤ ኋላ አቡነ ሰላማ የተባሉት እኒህ ናቸው። ያኔ ዕድሜያቸው ሃያዎቹን ገና የጀመረ ነበር። አዲሱ ጳጳስ ወደ ኢትዮጵያ ሲያመሩ፣ ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹ ከአባ ዮስጢኖስ ጋር ባሕር ተሻግረው ሮም ገቡ። በነሐሴ 1841 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎርዮስ 16ኛ ኢትዮጵያውያኑን ተቀብለው አነጋገሯቸው። ከዚያም ተጓዦቹ የክርስቲያን ሁሉ ናፍቆት ወደሆነችው ኢየሩሳሌም ወጥተው ተሳለሙ። በ1842 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በዚህ ረጅም ጉዞ አባ ገብረ ሚካኤል አንድ ነገር ሲመረምሩ ነበር። መጽሐፍ የለመዱት ሊቅ አሁን የሚያነቡት ሰውን ነው። በመርከብ ላይ፣ በግመል መንገድ፣ በሕመምና በረሃብ ሰዓት እኚህ ነጭ መነኩሴ እንዴት እንደሚሆኑ አዩ። ጊዜ ወስደው፣ ጠይቀው፣ ተከራክረው፣ በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች እንደ አባትና ልጅ፣ እንደ ልጅና አባት ሆኑ። በዕድሜ የሚበልጡት ገብረ ሚካኤል ናቸው፤ በግዕዙና በሊቃውንቱ ትምህርትም አስተማሪ እርሳቸው ናቸው። በምንኩስና መንገድና በክህነት አባትነት ደግሞ ያዕቆብ። ማን ማንን እንዳስተማረ መለየት ያስቸግራል።

ጓላ

አቡነ ያዕቆብ በአጋሜ፣ ዓዲግራት አጠገብ በምትገኘው ጓላ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ኃጢአት በሌለባት በእመቤታችንም ስም ሰየሙት። እዚህ ላይ የእናታቸው ጉልበት ሥር የተማሩት ፍቅር ፍሬ አፈራ። ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስም ሲጠራ የሚሰማውን ሰው እንደ ባዕድ ሊያየው አይችልም። ኪዳነ ምሕረትን የሚዘክር፣ ፍልሰታን የሚጾም፣ በምጥ ሰዓት ማርያም ማርያም የሚል ሕዝብ መካከል፣ የማርያም ወዳጅ መሆን ያለ አስተርጓሚ የሚገባ ቋንቋ ነው።

የአቡነ ያዕቆብ ዋና እምነት ግን የአገሩ ቤተ ክርስቲያን በአገሩ ልጆች መቆም አለባት የሚል ነበር። ከአውሮፓ ካህናት እያስመጡ አገር መሙላት አልፈለጉም። ወጣቶችንና መነኮሳትን ሰብስበው አስተማሩ። ቅዳሴውም በግዕዝ፣ በአገሩ ዜማና ሥርዓት እንዲቀጥል ቆሙ። ሜንዴዝ ሊለውጡት ሞክረው አገር ያፈረሱበትን ነገር፣ ደ ያቆቢስ የሚጠበቅ ሀብት አድርገው ያዙት። ከአባ ገብረ ሚካኤል ጋር ሆነውም ትምህርተ ክርስቶስን በአማርኛ አዘጋጁ።

ግን ሰላም አልዘለቀም። አቡነ ሰላማ የካቶሊኩን ትምህርት አወገዙ፤ ወደ አቡነ ያዕቆብ የሚጠጋውንም ሰው ሁሉ አብረው። የጓላው ቤት ተበተነ። አቡነ ያዕቆብም ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተራሮች፣ በኢሮብ ምድር ወደ ዓሊቴና፣ በአከለ ጉዛይ ወደ ሐላይና ወደ ሄቦ መሸሸግ ግድ ሆነባቸው።

አቡነ ሰላማን እንደ ክፉ ሰው ብቻ መሳል ፍትሕ አይሆንም። ገና በወጣትነታቸው ቋንቋውን ወደማያውቁት አገር ተልከው፣ የአንዲት ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን አደራ ጫንቃቸው ላይ የወደቀ ሰው ናቸው። በሥራቸው ያለው ቤት በሦስት ተከፍሎ ይጣላል፤ መሳፍንቱ ሊጠቀሙባቸው ይፈልጋሉ። የሱስንዮስ ዘመን ዳግም እንዳይመጣ መስጋትም ከሥልጣናቸው ጋር የመጣ ግዴታ ነበር። ሁለቱም አባቶች የቆሙት ቅን ነው ብለው ባመኑበት ነገር ላይ ነው። የተለያዩት በመንገዳቸው ነው፤ አንዱ በግዝትና በሰንሰለት፣ ሌላው በመታገሥ።

በሌሊት የተሾመ ጳጳስ

በ1846 መጨረሻ ካፑቺናዊው ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ ወደ ኦሮሞ ምድር ለመዝለቅ ምፅዋ ደረሱ። የአቡነ ያዕቆብ ደቀ መዛሙርት ክህነት የሚሰጣቸው አባት ያገኙት በእርሳቸው ነው፤ በ1847 ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ቅስና ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሮም አባ ዮስጢኖስን ራሳቸውን ጳጳስ እንዲሆኑ መረጠቻቸው።

እርሳቸው ግን አልቀበልም አሉ። ለዚህ ማዕረግ አልበቃም ብለው ወራት አለፉ፤ ዓመት አለፈ። ማሳያ መከሩ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻም አስገደዱ ማለት ይቻላል። በጥር 1849 ምፅዋ ውስጥ፣ ጠላት እንዳይሰማ በሌሊት፣ በተዘጋ በር ውስጥ ሹመቱ ተፈጸመ። የጳጳስ ሹመት ካቴድራል፣ መዘምራንና የደወል ድምፅ ይፈልጋል። እዚያ የነበረው ግን የቆላው ሙቀት፣ የኩራዝ ብርሃንና ጥቂት ሰዎች ናቸው። ማሳያ እንዳጠናቀቁ ሁሉም ወደየመንገዱ ተበተነ። አቡነ ያዕቆብ ጳጳስ ከሆኑም በኋላ አለባበሳቸውና አኗኗራቸው አልተለወጠም። ያው በእግራቸው መጓዝ፣ ያው ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ቀጠለ።

ጥር 1 ቀን 1851 ለአባ ገብረ ሚካኤል ቅስና ሰጡ። እጩው ስልሳ ዓመት ሊሆናቸው ነበር። እውነትን ፍለጋ ብዙ ዓመት የተንከራተቱት ሊቅ እንደ ወጣት ዲያቆን ተንበርክከው የወዳጃቸውን እጅ በራሳቸው ላይ ተቀበሉ።

ጎንደር

በ1850ዎቹ መጀመሪያ ካሳ ኃይሉ የሚባሉ የቋራ ሰው መሳፍንቱን አንድ በአንድ እየጣሉ ተነሡ። አገሪቱን አንድ ለማድረግ አንዲት ሃይማኖት ያስፈልጋል ብለው አመኑ። አቡነ ሰላማም በበኩላቸው የሚያግዛቸው ክንድ አገኙ። ሁለቱ ተስማሙ፤ ካሳ ለጳጳሱ የሃይማኖት አንድነት፣ ጳጳሱም ለካሳ ቅብዐ መንግሥት ይሰጣሉ።

አቡነ ያዕቆብ በዚህ ጊዜ ጎንደር ነበሩ። መሸሽ ይችሉ ነበር፤ አልሸሹም። በሐምሌ 1854 ከአባ ገብረ ሚካኤልና ከአራት መነኮሳት ጋር ተይዘው ታሰሩ። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ተከፍለው ተቀመጡ። የሚጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካቶሊክነታቸውን እንዲተዉ።

እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። ግንድ ማለት የዛፍ ግንድ ተፈልጦ፣ የእግር ማስገቢያ ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ የእስረኛው ቁርጭምጭሚት በመካከሉ የሚቀረቀርበት እስራት ነው። እስረኛው መቆምም መራመድም አይችልም። ሌሊቱን አንድ ጎኑ እስኪደነዝዝ ተኝቶ ያነጋል። በዚያ ላይ የስልሳ ሦስት ዓመቱን ሽማግሌ አባ ገብረ ሚካኤልን አስቡ።

አቡነ ያዕቆብ ለወራት ታስረው ቆይተው ወደ ሱዳን ጠረፍ ተወስደው ከአገር እንዲባረሩ ተፈረደባቸው። ከልጆቻቸው የተለዩት እንዲህ ነው፤ ልጆቹ በእስር ቤት ቀርተው፣ አባትየው በወታደር ታጅበው ወጥተው። እርሳቸው ግን አልሄዱም። የአጃቢዎቹ እጅ እንደለቀቃቸው በቆላው በኩል ዞረው ወደ ምፅዋ ጠረፍ፣ ወደ ሐላይ ተመለሱ። የኔፕልሱ ቄስ እዚህም ቀሩ።

አባ ገብረ ሚካኤል

በየካቲት 1855 ካሳ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። አባ ገብረ ሚካኤል በንጉሡ ፊት ደጋግመው ቀረቡ። በቀጭኔ ጭራ እንደተገረፉ ይተረካል፤ ቃላቸውን ግን አልለወጡም። በግንቦት መጨረሻ ሞት ተፈረደባቸው። በስፍራው የነበሩት የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንና ሌሎች ሰዎች ስለ ሽማግሌው ምሕረት ለመኑ፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ የንጉሡ ጦር ወደ ሄደበት ሁሉ በሰንሰለት እየተጎተቱ ተጓዙ። ዝናብ፣ ረሃብ፣ የእግር ቁስል፣ በሰፈሩ የገባው በሽታ ተደራረበባቸው። ነሐሴ 28 ቀን 1855 በመንገድ ላይ አረፉ። የተቀበሩበት ስፍራ ምልክት አልተገኘም። ከመጽሐፍ መጽሐፍ፣ ከገዳም ገዳም ሲዞሩ የኖሩት ሊቅ መጨረሻቸውም መንገድ ላይ ሆነ።

ወሬው ለአቡነ ያዕቆብ ሲደርስ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። አባት ልጁን ሲቀብር ያዝናል፤ ልጁን ለመቅበር ያልታደለ አባት ደግሞ ከዚያ ይበልጥ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ዓመት ለእርሳቸው ከባድ ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ተበትነዋል። የደጃዝማች ውቤ የእህት ወይም የወንድም ልጅ የሚባሉት ንጉሤ በትግራይ በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ተነሥተው ከፈረንሳይ ድጋፍ ሲፈልጉ፣ አቡነ ያዕቆብ አገናኝ ሆነው ቆሙ። ይህን መሸፈን ተገቢ አይመስለኝም። ለመንጋቸው ጥበቃ ይገኝ ይሆናል ብለው ያደረጉት ነው፤ ግን በአንድ አገር ውስጣዊ ጦርነት የውጭ መንግሥት እጅ እንዲገባ መንገድ መጥረግ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀላል ነገር አይደለም። ተስፋውም ባዶ ሆነ። ንጉሤ በ1861 መጀመሪያ በቴዎድሮስ ድል ተነሥተው ተገደሉ፤ አቡነ ያዕቆብ ግን ይህን ለማየት አልደረሱም። ቅዱሳን የሚባሉ ሰዎችም በዘመናቸው ጭንቀት ውስጥ የሚመርጡ ሰዎች ናቸው።

በሐምሌ 1860 ምፅዋ አጠገብ በምትገኘው እምኩሉ ነበሩ። የቆላው ወበቅ ሰውነታቸውን ጨርሶታል፤ ትኩሳቱ አልለቃቸው ብሏል። ደጋው አየር ይሻላል በሚል ከመነኮሳታቸውና ከተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ሐላይ ጉዞ ጀመሩ። ሌሊት ሌሊት እየተጓዙ፣ ቀን ጥላ እየፈለጉ ዓሊገደ በሚባለው ሸለቆ ደረሱ። ከዚያ ማለፍ አልቻሉም።

ሐምሌ 31 ቀን ነው። ከደጋው የሚለያቸው የአንድ ሁለት ቀን መንገድ ብቻ ነው። ሜዳው ድንጋይና እሾህ፣ ጥላውም የግራር ጥላ ነው። አቡነ ያዕቆብ መሬት ላይ እንዲያስቀምጧቸው ጠየቁ። ልጆቻቸውን ሰብስበው እርስ በርስ እንዲዋደዱ፣ ከሐሜት እንዲርቁ፣ በእምነታቸው እንዲጸኑ መከሩ። እንደ መነኩሴ ወግም በሕይወታቸው ያስቀየሙት ሰው ካለ ይቅርታ ለመኑ። የመጨረሻውን ቅባት ተቀበሉ። ከዚያ ራሳቸውን ድንጋይ ላይ አሳረፉ፤ በኩታቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። በዙሪያቸው ያሉት ልቅሶ እንደጀመሩ ነፍሳቸው ወጣች። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ከሁለት ወር ትንሽ በላይ ነበር የቀረው።

አንድ ጳጳስ በመሬት ላይ፣ ድንጋይ ተንተርሶ፣ በአገሬው ልብስ ተሸፍኖ ሞተ። አልጋም፣ ቤትም አልነበረውም። ያልተለየው ነገር ልጆቹ ናቸው።

ሄቦ

አስከሬናቸውን ተሸክመው ወደ ሄቦ አመጡት። ዛሬም በኤርትራ ምድር፣ በሄቦ ቤተ ክርስቲያን ያረፈው አፅማቸው የምእመናን መሳለሚያ ነው።

ታሪክ ከዚያ ወዲያ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ፍጻሜ ሰጠው። አቡነ ሰላማ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልተው በመቅደላ እስረኛ ሆነው በ1867 አረፉ፤ ያሰሩት ሰንሰለት በእርሳቸውም ደረሰ። የመጀመሪያው መንገድ ጠራጊ ሳፔቶ ክህነቱን ትተው በ1869 ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ የአሰብን መሬት ገዙ፤ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት በቀይ ባሕር ጠረፍ የተጀመረው ከዚያ ነው። ሳፔቶና አቡነ ያዕቆብ ሁለቱም ከአንድ ማኅበር፣ ወደ አንድ አገር የመጡ ናቸው። አንዱ በዚህ ምድር መሬት ገዛ፤ ሌላው በዚህ ምድር ተቀበረ።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ ተብለው ሰማዕትነታቸው ታወጀ። አቡነ ያዕቆብ በ1939 ብፁዕ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1975 ደግሞ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተባሉ። የተከሉት ዘርም አልጠፋም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ካቶሊካውያን የግዕዙን ቅዳሴ እስከ ዛሬ ይቀድሳሉ። በ2015 ካርዲናል የሆኑት ብፁዕ አባታችን ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ከዚያው ከላዛሪስት ማኅበር የወጡ የአገር ልጅ ናቸው።

ሁልጊዜ የሚነካኝ ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰ የሚመስል ነገር ነው። በአጠገባቸው ያደጉ፣ አብረዋቸው የተሰደዱ አንድ ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ የዓድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት። በእርጅናቸው ዘመን ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን የአባታቸውን ታሪክ ጻፉ። የጻፉትም በአማርኛ ነው። ጥር 26 ቀን 1840 በዓድዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ቃል እየፈለጉ ይናገሩበት የነበረው የአገር ቋንቋ፣ ከሞታቸው በኋላ ስለ እርሳቸው ተናገረላቸው።